ከምርመራ በኋላ የሚቀር ፍርሃት፦ የአንጎልና የነርቭ በሽታን ስለ መፍራት

(በጋምቤላ ከተማ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



በአማርኛችን «ነርቭ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። በሕክምና ትምህርት ነርቭ ማለት ከአንጎልና ከሕብለ ሰረሰር ተነሥቶ በመላ አካል መልእክት የሚያመላልስ ሥር ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን እጅ ሲደነዝዝ «ነርቭ ነው»፣ እንቅልፍ ሲጠፋም «ነርቭ ነው»፣ ሰው ሲያናድደን «ነርቬን ነካው» እንላለን። አንድ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛውን ለማረጋጋት «አይዞህ፣ ትንሽ ነርቭ ነው» ሲለው፣ ባለሙያው «ጭንቀት ነው» ማለቱ ነው። ሕመምተኛው የሚሰማው ግን «የነርቭ ሥሮችህ ታመዋል» የሚል ፍርድ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ሲወጣ ከገባበት ጊዜ ይልቅ ታምሞ ይወጣል። በዚህ ንግግር ሁለቱን ለመለየት እሞክራለሁ፤ «የነርቭ በሽታ» ስል የአንጎልን፣ የሕብለ ሰረሰርንና የነርቭ ሥሮችን በሽታ ማለቴ ነው። ጭንቀትን ጭንቀት እለዋለሁ።

አንድ ሰው በምሳሌነት ላቅርብላችሁ። ታሪኩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በሥራዬ ካነጋገርኋቸው ከብዙዎች ያጣመርሁት ስለ ሆነ ማንም «እገሌ ነው» ብሎ አይፈልገው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ያህል የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንበል። ታናሽ ወንድሙን በክረምት ወራት ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን መቀባዠር ጀመረ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ ላይ የነበሩ ሰዎች «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» አሉ፤ ያሉትም ትክክል ነበረ። ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ የታላቁ ወንድም ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ቀጥሎ የግራ ዓይኑ ሽፋን ይርገበገብ ጀመር። ሌሊት ልቡ በኃይል ይመታል፤ ከአልጋው ሲነሣ ምድር የምትዞር ይመስለዋል።

የወባ ምርመራ ተደረገለት፤ ወባ የለበትም። በሌላ ክሊኒክ እንደ ተለመደው «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ድንዛዜው ግን አልለቀቀውም። በሦስተኛው ቦታ የቪታሚን ቢ መርፌ ተወጋ። በመጨረሻ ገንዘብ ተበድሮ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ተጓዘ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የአንጎል ምስል ተነሣ፤ ምንም ችግር አልታየም። በደስታ እያለቀሰ ለእናቱ ደወለ። ሰላሙ ግን ከዐሥር ቀን አልዘለለም። በዐሥራ አንደኛው ቀን «ምስሉ በተነሣበት ጊዜ በሽታው ገና ትንሽ ስለ ነበር ባይታይስ?» የሚል ሐሳብ መጣበት። ሐኪሙ ያልመለሰለት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላ ምርመራም ቢሆን አይመልሰውም።

የመማሪያ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ሁኔታ ሲገልጹ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው የሚፈራው በሽታ ሊደርስበት የማይችል፣ እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ እንደ ሆነ አድርገው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ጭንቀት የተያዙ ብዙዎች የሚፈሩት ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያዝዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበትን በሽታ ነው። በአውሮፓ ይህ በሽታ በዓመት ከ100,000 ሰዎች ሁለት ያህሉን ይይዛል። እዚያ ሐኪሙ «የምትፈራው ነገር የመድረስ ዕድሉ ኢምንት ነው» ብሎ ቢናገር ከእውነት አይርቅም። ጋምቤላ ውስጥ ግን ይህ አነጋገር አያስኬድም። እዚህ ፍርሃቱ የበቀለበት መሬት እውነተኛ ነው።

ወባን እንውሰድ። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የደሙን ዝውውር ያውካሉ። ሕመምተኛው ይቀባዣል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ራሱን ይስታል። በጊዜ አርቴሱኔት በመርፌ ካልተሰጠው ይሞታል፤ ከዳኑትም፣ በተለይ ከሕፃናት፣ የሚጥል በሽታ የሚቀርባቸው አሉ። ማጅራት ገትርም አለ፤ ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ የሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ክልላችንን ያጠቃልላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዓይነት እጅግ ቢያዳክመውም ሌሎቹ ዓይነቶች አሉ። ኤች.አይ.ቪን ብንመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው የሥርጭት መጠን የታየው ጋምቤላ ውስጥ ነበር፤ 4.8 በመቶ፤ የአገሪቱ አማካይ ደግሞ 0.9 በመቶ። ያለ ሕክምና የቆየ ኤች.አይ.ቪ አንጎልን እንደሚጎዳ እናውቃለን።

ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት ሌላም አለ። ከብትን ገንዲ የምታስይዘው የቆላ ዝንብ ሰውንም የእንቅልፍ በሽታ ታስይዛለች። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ በሽታ በሰው ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ እኛ ዘንድ ነው፤ ወረርሽኙም በጊሎ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩትን ወገኖቻችንን መታ። ተሐዋሲው ወደ አንጎል ሲዘልቅ ሰውየው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ተረስቶ የቆየው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ታይቷል። እንግዲህ የጊሎ ሰው «ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ቀን አንቀላፋለሁ፤ ምን ይሆን?» ብሎ ቢፈራ፣ ፍርሃቱ የአያቱ ትዝታ ነው እንጂ ቅዠት አይደለም።

ስለዚህ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ጤናማ ፍርሃትን ከሚጎዳ ፍርሃት የምንለየው «የሚፈራው በሽታ ሊኖር ይችላልን?» ብለን በመጠየቅ መሆን የለበትም። ይችላል! መጠየቅ ያለብን «ፍርሃቱ መልስ ሲያገኝ ምን ያደርጋል?» ብለን ነው። ጤናማ ፍርሃት ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ምርመራው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። የሚጎዳው ፍርሃት ግን መልስ ሲሰጡት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ሙያዊው አገላለጽም በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ መመሪያው ሂፖኮንድሪያ የሚለውን አሮጌ ስም ትቶ፣ ዋናው መለኪያ ጭንቀቱና ጭንቀቱ የሚያስከትለው ባሕርይ እንዲሆን አድርጓል፤ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት እንዳለበትም ደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ አሮጌውን ስም ይዞ፣ በሽታውን እጁን ደጋግሞ ከሚታጠብና በሩን ደጋግሞ ከሚፈትሽ ሰው ሕመም ጎን መድቦታል። እኔ የድርጅቱ አመዳደብ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ሁለቱም እርግጠኛነትን ፍለጋ የሚደረጉ የማያልቁ ፍተሻዎች ናቸውና። (ሂፖኮንድሪያ ቃሉ ግሪክ ነው፤ «ከጎድን ልምላሚ አጥንት በታች» ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሐዘንና ሥጋት ከዚያ የሚነሡ ይመስላቸው ነበር። «ሆዴ ባባ» የምንል ሕዝብ ልንስቅባቸው አይገባም።)

አሁን ደግሞ ጣቶቹ ለምን እንደ ደነዘዙ እናንሣ፤ ድንዛዜው ፈጠራ አይደለምና። እባካችሁ ለአንድ አፍታ ምላሳችሁ በአፋችሁ ውስጥ የት እንዳረፈ አስቡ። ጥርስ ነክቷል? ቦታ ጠብቦታል? (ሳቅ) እነሆ፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት ምላስ እንዳላችሁም አላሰባችሁም ነበር፤ አሁን ግን የት ላስቀምጠው ትላላችሁ። ትኩረት ስሜትን ያጎላል። አካላችን ቀኑን ሙሉ ሺህ ጥቃቅን ስሜቶች ሲልክ አንጎላችን አብዛኞቹን እንደ ከንቱ ጩኸት ይጥላቸዋል። ወንድሙን የቀበረ ሰው ግን የሚጥለው የለም፤ ሁሉንም ይሰማል።

ሁለተኛው ምክንያት እስትንፋስ ነው። የተጨነቀ ሰው ሳይታወቀው ቶሎ ቶሎና በጥልቀት ይተነፍሳል። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፤ በደሙ ውስጥ በነፃነት የሚንቀሳቀሰው ካልሲየም ስለሚያንስ ነርቮች ያለ ምክንያት መተኮስ ይጀምራሉ። ጣቶችና የከንፈር ዙሪያ ይነዘራሉ፤ አንዳንዴም እጅ ይኮማተራል። የአንጎል የደም ሥሮች ስለሚጠብቡ ራስ ይዞራል። እንግዲህ «አንጎሌ ታሟል» የሚለው ሐሳብ ራሱ፣ አንጎሉ የታመመ የሚያስመስሉ ምልክቶችን ያመጣል። እነሱ ደግሞ ሐሳቡን ያጸኑታል። በዚህ ላይ የጋምቤላን የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ጨምሩበት። ከደጋ መጥቶ እዚህ የተመደበ ሠራተኛ፣ 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ውሎ በቂ ውኃ ሳይጠጣ ከወንበር ብድግ ሲል ራሱ ቢዞርበት ምን ያስደንቃል? የዓይን ሽፋን መርገብገብም ቢሆን በአብዛኛው የድካም፣ የእንቅልፍ ማጣትና የቡና ወይም የጫት ብዛት ውጤት ነው። ኤ.ኤል.ኤስን የሚያስጠረጥረው የጡንቻ መርገብገብ ብቻውን አይደለም፤ እየጨመረ የሚሄድ ድካምና የጡንቻ መክሳት ነው። ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው እጅና ቁልፍ ሲቆልፍ የሚርገበገብ እጅ አንድ አይደሉም።

ወደ ሦስተኛው፣ ማለትም ፍርሃቱን በሕይወት ወደሚያቆየው ነገር ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ፖል ሳልኮቭስኪስና ሂላሪ ዋርዊክ የተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ የሕክምናው መሠረት ሆኖ ይገኛል። ማጽናኛ ጭንቀትን ለጊዜው ያበርዳል፤ ቆይቶ ግን ያብሰዋል አሉ። እኔ ተማሪዎቼን ማጽናኛ እንደ አራጣ ብድር ነው እላቸዋለሁ። የዛሬውን ችግር ይሸፍናል፤ ነገ ግን ከነወለዱ ይመጣል። ሰውየው በቀን ሃያ ጊዜ ጣቱን ይቆነጥጣል፤ በአንድ እግሩ ቆሞ ሚዛኑን ይፈትናል፤ ሚስቱን «ንግግሬ ተኮላተፈ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሌሊት ስልኩን ከፍቶ «የእጅ መደንዘዝ» ብሎ ይጽፋል። ስልኩ ደግሞ የወንድሙን ሞት አያውቅም፤ ያለውን አስፈሪ ስም ሁሉ ይደረድርለታል።

በዚህ ረገድ የጤና አገልግሎታችንም ድርሻ አለው። ምርመራው ወባ እንደሌለ ካሳየ በኋላ «ለማንኛውም» ተብሎ የወባ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው የሚማረው «ምርመራ አይታመንም» የሚለውን ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ባለፈ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያት «አለ» ሊል የሚችል ደካማ ምርመራ ስለ ሆነ፣ ትኩሳት የሌለውን፣ ጣቱ የደነዘዘውን ሰው በእሱ መመርመር በሽታ መፈለግ ሳይሆን ወረቀት መፈለግ ነው። የቪታሚን እጥረት ላልታየበት ሰው የሚሰጥ የቪታሚን ቢ መርፌ ደግሞ አካልን ብዙ ባይጎዳም መልእክቱ ይጎዳል፦ «ነርቭህ ባይታመም ኖሮ ለምን ትወጋ ነበር?»

ቋንቋችንም ጣጣውን ያበዛዋል። ክልላችን የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው፤ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የመጡም ይኖሩበታል፤ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ300,000 በላይ ስደተኞችም ተጠግተውበታል። አንዲት እናት በቋንቋዋ ለሁለት ደቂቃ የተናገረችውን አስተርጓሚው «ራሷን ያማታል» ብሎ ሲያሳጥረው፣ የፍርሃቷ መነሻ የሆነው ሁሉ ይጠፋል፦ መቼ ጀመረ፣ ማን ሞተባት፣ በመንገድ ላይ ምን አየች። ለባልደረቦቼ የምለምነው፣ አስተርጓሚው «ምን ታመመች?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ይሆንብኛል ብላ ትፈራለች?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

ታዲያ «ጭንቀት ነው፣ ተወው» ብለን ማለፍ እንችላለንን? አንችልም፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ጭንቀቱ ራሱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስዊድን ጥናት ይህ ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም የተረጋገጠ 4,129 ሰዎችን ሕመሙ ከሌለባቸው 41,290 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከሞቱት መካከል ሕመሙ የነበረባቸው ሰዎች አማካይ የሞት ዕድሜ 70፣ የሌሎቹ ደግሞ 75 ሆኖ ተገኘ፤ ራስን የማጥፋት አደጋም ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ሞትን ከሁሉ በላይ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው ይህ የሚደርስባቸው። ሁለተኛ፣ የተጨነቀ ሰውም በወባ ትንኝ ይነደፋል። ስድስት ጊዜ መጥቶ ምንም ያልተገኘበት ሰው ሰባተኛ ጊዜ ሲመጣ «ያ ነርቭ ሰውዬ መጣ» ተብሎ ሳይመረመር ከተመለሰ፣ የወንድሙ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል።

ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ሊያወላውል የማይገባው ሕግ ይህ ነው፦ ትኩሳት ያለበት ሰው፣ ትላንትም ተመርምሮ ሊሆን ይችላል፣ በዓለም የታወቀ ጭንቀታም ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለታል። ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር ወይም መቀባዠር ካለ፣ ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ ወይም እጅና እግር በድንገት ከሰነፈ፣ በሕይወት ዘመን የመጀመሪያው መንዘፍዘፍ ከመጣ፣ እንደ መብረቅ በድንገት የወረደ ከባድ የራስ ምታት ካለ፣ ከእግር መክበድ ጋር ሽንት መቆጣጠር ካልተቻለ፣ ያኔ ስለ ጭንቀት አናወራም፤ ወደ ሆስፒታል እንሮጣለን። ድንዛዜውም ቢሆን በአንድ ቦታ ጸንቶ ከቆየ፣ ወይም ከእግር ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ፣ ስኳርን፣ ኤች.አይ.ቪን፣ የሥጋ ደዌንና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን አስቦ በእጅ መመርመር ይገባል። አንድ ጊዜ፣ በደንብ፤ ልብስ አስወልቆ፣ የጉልበት መዶሻ ይዞ። ብዙ ጊዜ ያየሁት በተቃራኒው ነው፤ ዐሥር ጊዜ፣ በችኮላ፣ ማንም እጁን ሳያሳርፍበት።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ይጀምራል። በጥናት የተመሠከረለት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው፤ አንዳንዶችን እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ይረዷቸዋል። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች በክልላችን በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን እያወቅሁ «ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂዱ» ብሎ መሰናበት ቀልድ ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ፍሬ ነገሩ በጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው። ያ የመንግሥት ሠራተኛችን በመጨረሻ ያገኘው እርዳታ ከአንድ የጤና መኮንን ነበር። መኮንኑ በደንብ ከመረመረው በኋላ «ምንም የለህም» አላለውም። «የሚሰማህ ድንዛዜ እውነት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ላሳይህ» አለውና አብረው ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ተነፈሱ። ጣቶቹ ነዘሩ። ቀስ ብለው ሲተነፍሱ ንዝረቱ ሄደ። ሰውየው ከዚያ አዲስ አበባ ከተነሣው ምስል ይልቅ ይህችን አንዲት ደቂቃ አመነ፤ በገዛ አካሉ አይቷታልና። ቀጥሎም ስምምነት አደረጉ፦ ሕመም ቢኖርም ባይኖርም በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ መገናኘት፤ በመካከሉ ትኩሳት ወይም ከላይ ከቆጠርኋቸው ምልክቶች አንዱ ካለ ወዲያውኑ መምጣት፤ ከዚያ ውጭ ያለውን በደብተር ጽፎ እስከ ማክሰኞ ማቆየት። ጣቱን መቆንጠጥ ሲያምረው በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው ሁለት ሰዓት ማዘግየት። ሚስቱም ስትጠየቅ «ማክሰኞ ትጠይቀዋለህ፤ አሁን ቡና እንጠጣ» እንድትል ተነገራት። በአራተኛው ወር ትኩሳት ያዘው፤ በስምምነቱ መሠረት በዚያው ቀን መጣ፤ ወባ ተገኘበት፤ ታክሞ ዳነ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ሥራውን ግን መልሶ ጀመረ፤ ስለ ወንድሙም ሳይንቀጠቀጥ መናገር ቻለ። ሐዘኑ መንገድ አጥቶ በጣቶቹ ይናገር እንደ ነበር እገምታለሁ፤ እሱም እንዲሁ ብሎኛል።

ጸሎትንና ፀበልን በሚመለከት ዘወትር ስለምጠየቅ ባጭሩ ልመልስ። ሰውን የሚያረጋጋውን አልነፍገውም። አደጋው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች መድኃኒት ማስተው ሲመጣ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳተሙት፣ ከ1,000 ሰዎች 5.2ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከእነዚህ በመድኃኒት የታከሙት ግን ሁለት በመቶ እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ በአንድ በኩል ሳይታመም ምስል ለመነሣት ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሄድ አለ፤ በሌላ በኩል ታምሞ፣ «ለሃጩ ይጋባል» ተብሎ ጓዳ የተደበቀ፣ በሚንዘፈዘፍበት ጊዜ ክብሪት የሚያሸትቱት ሕፃን አለ። የሁለቱም ምንጭ ለዚህ በሽታ ያለን ፍርሃት ነው። የሚጥል በሽታ በለሃጭ አይተላለፍም።

ከተሰብሳቢዎች የቀረበ ጥያቄ፦ «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። አንድ አባት በየቀኑ ቤቴ ድረስ እየመጡ ‹ልጄ፣ አንጎሌ ውስጥ ያለውን ነገር ንገሪኝ› ይሉኛል። ብመልሳቸው ነገም ይመጣሉ፤ ባልመልሳቸው ይከፋቸዋል። ምን ልበላቸው?»

ጥያቄሽ ከንግግሬ የተሻለ ነው። በመጀመሪያ በር ላይ አታናግሪያቸው፤ ወንበር ስጪያቸው። ግንባራቸውን ዳብሺ፤ ትኩሳት መኖር አለመኖሩን በሙቀት መለኪያ እዪ። ካለ ምርመራ። ከሌለ እንዲህ በያቸው፦ «አባቴ፣ አንጎልዎ ውስጥ ያለውን እኔ ላየው አልችልም። ዛሬ ግን ትኩሳት የለብዎትም፣ እጅዎ ይጨብጣል፣ እግርዎ ይዞዎት መጥቷል። ሐሙስ ጠዋት ጤና ኬላ እጠብቅዎታለሁ፤ እስከዚያ የሚሰማዎትን ያስታውሱልኝ።» ሐሙስ ሲመጡም ከምንም በፊት፣ ማን እንደ ሞተባቸው ጠይቂያቸው።